የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግሪን ካርድ ሲያልቅ፣ ሲጠፋና ሳይደርስ ሲቀር

በዚህ እትም መልስ የምንሰጠው ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ደብዳቤዎች ነው። ጸሐፊዎቻቸው የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ሆነው አገር ቤት የገቡ ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ይለያያሉ፤ በሁሉም ውስጥ ግን አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ይታያል፤ የካርዱ ቀንና የነዋሪነቱ ዕድሜ እንደ አንድ ነገር ተቆጥረዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው የሚመነጩትም ከዚህ ልዩነት ነው። ስም እንዳይጠቀስ የብዙዎች ፍላጎት ስለሆነ የማንንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «እናታችን ወንድሜ ጉዳዩን ጀምሮላት ከአሥር ዓመት በፊት አሜሪካ ገባች። ባለፈው መስከረም ለታናሽ እህታችን ሠርግ ወደ ኮምቦልቻ መጣች። ካርዷ በጥር ወር አለቀ፤ አሁን መጋቢት ነው። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥልን ሰው ‹ካርዱ ስላለፈ አያሳፍሯትም፤ ኤምባሲ ሄዳ 575 ዶላር ከፍላ ወረቀት ታውጣ› አለን። ወንድሜ ደግሞ ‹እኔ እዚህ ሆኜ በኢንተርኔት አድስላታለሁ፣ አብሽሩ› ይላል። የማንን እንስማ?»

መልስ፦ እናትዎ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ መሆናቸው በጥር ወር አላበቃም። ያበቃው የፕላስቲኩ ካርድ ነው። የአሥር ዓመቱ ካርድ ልክ እንደ መንጃ ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ ማስረጃ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ያለው መብት በካርዱ ላይ የታተመው ቀን ስላለፈ ብቻ አይጠፋም። መብቱን አደጋ ላይ የሚጥለው ከአሜሪካ ውጭ ረጅም ጊዜ መቆየት ነው። ስለዚህ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ሊከበብ የሚገባው ቀን የጥር ወሩ ሳይሆን የመስከረሙ ነው። እናትዎ ከአሜሪካ የወጡበትን ቀን በትክክል ካላስታወሳችሁት የጉዞ ትኬቱንና ቦሌ ሲገቡ ፓስፖርታቸው ላይ የተመታውን ማህተም ተመልከቱ፤ አሜሪካ ሲወጡ የመውጫ ማህተም ስለማይመታ ቀኑን የሚያሳየው ይህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወሰኖች አሉ። የመጀመሪያው 180 ቀን ነው። ቋሚ ነዋሪ በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ፣ ሲመለስ በሕጉ መሠረት እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ሊታይና ጠበቅ ያለ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። ሁለተኛውና ዋነኛው አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ካርዱ፣ ያላለፈበት እንኳ ቢሆን፣ ብቻውን መግቢያ ሰነድ ሆኖ አያገለግልም። ለእናትዎ የመጀመሪያው ወሰን ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው፤ ሁለተኛው ገና ነው። ስለዚህ ጉዞውን ለክረምት አታቆዩት።

የትኬት ቆራጩን ምክር በተመለከተ፦ 575 ዶላር የሚከፈልበት ቅጽ አይ-131ኤ የሚባል ሲሆን፣ ካርዳቸው ለጠፋባቸው፣ ለተሰረቀባቸው ወይም ለተበላሸባቸው ሰዎች አውሮፕላን መሳፈሪያ የሚሰጥበት ነው። የአሥር ዓመት ካርድ ይዞ ቀኑ ያለፈበት ሰው ግን፣ ከአሜሪካ ከወጣ ዓመት እስካልሞላው ድረስ፣ ያንኑ ያለፈበትን ካርድ አሳይቶ እንዲሳፈር የአሜሪካ ድንበር ጥበቃ ለአየር መንገዶች ፈቅዷል። ስለዚህ እናትዎ ለዚህ ወረቀት መክፈል ግድ ላይሆንባቸው ይችላል። ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ሳይሆን መሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በዚያ ቀን የተመደበው ሠራተኛ ደንቡን ላያውቀው ይችላልና። በዚህ ምክንያት ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ካርዱንና ፓስፖርቱን ይዛችሁ የምትበሩበት አየር መንገድ ቢሮ ሂዱና ጠይቁ። ቢቻል መልሱን በኢሜይል ተቀበሉና አትማችሁ ያዙት። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው በአዲስ አበባ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት መቁረጥ ይሻላል። የአገር ውስጡ በረራ ዘግይቶ ዓለም አቀፉ ቢያመልጣቸው በሌላ በረራ መመደብ የአየር መንገዱ ግዴታ ይሆናል።

ወንድምዎ በቅንነት እንዳሰቡ ይገባናል፤ ነገር ግን እናትዎ ኮምቦልቻ እያሉ ማደሻውን እንዲያስገቡ አንመክርም። ማደሻው አይ-90 የተባለው ቅጽ ነው። ቅጹ የአመልካቿ እንጂ የልጃቸው አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲሞላው አዘጋጁ ማንነቱን ገልጾ መፈረም አለበት፣ የቃሉ እውነተኛነት ደግሞ በእናትዎ ፊርማ ይረጋገጣል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የጣት አሻራው ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት የጣት አሻራና ፎቶ የሚነሱበትን ቀን ይቆርጣል፤ ይህም የሚደረገው አሜሪካ ውስጥ ነው። ቀጠሮው እናትዎ እዚህ እያሉ ቢደርስና ሳይቀርቡ ቢቀሩ ማመልከቻው እንደተተወ ተቆጥሮ ሊዘጋ ይችላል፤ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። መሥሪያ ቤቱ ራሱም ከአሜሪካ ውጭ ሆኖ ካርዱ ያለፈበትና ከመውጣቱ በፊት ለማደስ ያላመለከተ ሰው ቅጹን ከማስገባቱ በፊት የአሜሪካን ቆንስላ ወይም የመግቢያ በሩን እንዲያነጋግር ይመክራል። እናትዎ ገብተው በሳምንታት ውስጥ ያስገቡት። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በኢንተርኔት ሲሆን 415 ዶላር፣ በወረቀት ሲሆን 465 ዶላር ተደርጓል፤ የጣት አሻራውም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። የክፍያ መጠን የሚለዋወጥ ስለሆነ በማመልከቻው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ መመልከት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ሊቀር ይችል ነበር፤ ለሌሎች አንባቢዎቻችንም ይህ ቢታወቅ እንወዳለን። ካርድ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ማደስ ይቻላል። እናትዎ በነሐሴ፣ ከመምጣታቸው በፊት፣ አመልክተው ቢሆን ኖሮ የማመልከቻው መቀበያ ደብዳቤ ካለፈበት ካርድ ጋር ሲያያዝ የካርዱን ዕድሜ ለ36 ወራት ያራዝመው ነበር። ይህ የ36 ወር ማራዘሚያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ የመጣ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት 24 ወር ነበር። ለሠርግ፣ ለለቅሶም ሆነ ለበዓል አገር ቤት የሚመጣ ሁሉ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ካርዱን አውጥቶ ቀኑን ይመልከት።

አንድ ነገር እንጨምር። እናትዎ ሲገቡ የመግቢያ መኮንኑ ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ ይህ መያዝ ወይም መባረር ማለት አይደለምና እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ኑሯቸው እዚያ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር፣ ማለትም ከወንድምዎ ጋር የሚኖሩበት ቤት ውል፣ የግብር ወረቀት፣ የባንክ ደብዳቤ ወይም የሐኪም ቀጠሮ በቦርሳቸው ይኑር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይ-407 የሚል ወረቀት ቢቀርብላቸው ሳይገባቸው እንዳይፈርሙ። ያ ወረቀት ነዋሪነትን በገዛ ፈቃድ መተው ነው። ባይፈርሙ ጉዳያቸው በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የመታየት መብት አላቸው። እንግሊዝኛ ሳያነቡ፣ ከረጅም በረራ በኋላ ደክመው የፈረሙ እናቶችና አባቶች ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ይህን ለእናትዎ በቤታችሁ በእርጋታ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አስረዷቸው።

ጥያቄ፦ «ደሴ አራዳ ነው የምኖረው። ማለቴ አሁን ነው እንጂ ኑሮዬ አሜሪካ ነው፤ ለሦስት ወር መጥቼ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሚኒባስ ስሳፈር የትከሻ ቦርሳዬ ተሰረቀ። ፓስፖርቴ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ተርፏል፤ ግሪን ካርዱ ግን ሄዷል፣ ፎቶኮፒም የለኝም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ‹በአይ-90 እዚሁ አስመጣልሃለሁ› ብሎኛል። ደሴ ያለው ኢሚግሬሽን ቅርንጫፍስ ሊረዳኝ ይችላል?»

መልስ፦ በመጨረሻው እንጀምር። ደሴ ያለው ቅርንጫፍ የኢትዮጵያ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አገልግሎት ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጉዳይ ካለዎት ይረዳዎታል፣ የአሜሪካ ካርድ ግን ሥራው አይደለም። ጉዳይ አስፈጻሚው ያለዎትም አይሆንም። አይ-90 ያስገቡ እንኳ ቢሆን አዲሱ ካርድ በፖስታ የሚላከው አሜሪካ ወዳለው አድራሻዎ ነው፤ የጣት አሻራውም እዚያው ነው። «እዚሁ አስመጣለሁ» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ገንዘብዎን ይፈልጋል። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ቅጾች በሙሉ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ቅጽ የሚሸጥልዎትን ሰው አይመኑ። በየፎቶኮፒ ቤቱና በየኢንተርኔት ካፌው ቅጽ መሙላት ነውር የለውም፤ የሞላልዎት ሰው ግን የመለያ ቁጥርዎን፣ የኢሜይል ይለፍ ቃልዎንና የፓስፖርትዎን ኮፒ በኮምፒውተሩ ላይ አስቀርቶ እንዳይሄድ ከጎኑ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ሲጨርስም ሰነዶቹን እንዲያጠፋ ያድርጉ።

ለእርስዎ የሚሆነው ከላይ የጠቀስነው አይ-131ኤ ነው። ከአሜሪካ ከወጡ ዓመት ስላልሞላዎት ይፈቀድልዎታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አስቀድመው ቦርሳው በተሰረቀበት አካባቢ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ በማስረጃው ላይ ግሪን ካርዱ በስሙ ተጠቅሶ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ «ቦርሳና ንብረት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ብዙም አይጠቅምዎትም። ማስረጃው በአማርኛ ስለሚሆን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላ መሆኑን ጽፎ ይፈርምበት። ከዚያ 575 ዶላሩ በአሜሪካው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በካርድ ወይም በአሜሪካ የባንክ ሒሳብ ይከፈላል። እዚህ ሆነው በዶላር ለመክፈል ቢቸገሩ፣ አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ የእርስዎን ስምና የመለያ ቁጥር አስገብቶ ሊከፍልልዎት ይችላል። የክፍያውን ደረሰኝ አትመው ከቅጹ፣ ከፓስፖርትዎ፣ ከፎቶዎና ወደ ኢትዮጵያ የመጡበትን ቀን ከሚያሳይ ትኬት ጋር አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ በአካል ማቅረብ አለብዎት፤ በወኪል አይሆንም።

የካርዱ ኮፒ ስለሌለዎት ነዋሪ መሆንዎን የሚያሳይ ሌላ ነገር መፈለግ ይኖርብዎታል። ለዚህ የሚረዳው ዘጠኝ አኃዝ ያለው የመለያ ቁጥር ሲሆን፣ መጀመሪያ በገቡበት የኢሚግራንት ቪዛ ላይም ይገኛል። የድሮ ፓስፖርትዎ ደሴ ሳጥን ውስጥ ካለ አውጡት። ከሌለ አሜሪካ ካሉት ሰነዶችዎ መካከል ቁጥሩ ያለበትን፣ ለምሳሌ ከኢሚግሬሽን የደረሰዎትን የቀድሞ ደብዳቤ፣ ቤት ያለ ሰው ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። ኤምባሲው ከፈቀደ ፓስፖርትዎ ላይ የሚለጠፍ መሳፈሪያ ይሰጥዎታል። ይህ መሳፈሪያ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግልና አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን ያልበለጠ ስለሆነ የበረራውን ቀን ከእርሱ ጋር አስማሙት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ የሚያመልጥበት ጊዜ ስላለ ከቀጠሮው ቀደም ብለው ይግቡ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ በአይ-90 ምትክ ካርድ ይጠይቁ። ካርዱ የደረሰዎት ዕለት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ፤ የፊቱ ገጽ መለያ ቁጥሩን፣ የኋላው ደግሞ ማሽን የሚያነበውን ባለ ሦስት መስመር ጽሑፍ ይይዛል።

ጥያቄ፦ «አባቴ በጠና ታሞ ስለነበር ላስታምመው ደሴ ገባሁ። ለሦስት ወር ብዬ የመጣሁት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አባቴ ባለፈው ወር አረፈ። ካርዴ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። አሁን መሄድ እችላለሁ?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ካርድዎ አራት ዓመት ይቀረዋል፤ ሆኖም ጉዳይዎ በዚህ ገጽ ከተነሱት ሁሉ የከበደው ነው። ዓመት ስላለፈዎት ካርዱ ብቻውን መግቢያ አይሆንዎትም፤ አይ-131ኤም ለእርስዎ አይሠራም። ከመምጣትዎ በፊት አሜሪካ ውስጥ ሆነው ዳግም መግቢያ ፈቃድ የሚባለውን ወስደው ከነበረ ነገሩ ይለወጣል፤ ያ ፈቃድ እስከ ሁለት ዓመት ከአገር ውጭ ለመቆየት ያስችላል። ፈቃዱን የሚያመለክቱት አሜሪካ መሬት ላይ ቆመው ስለሆነ አሁን ከደሴ ሆነው ሊጠይቁት አይችሉም። በደብዳቤዎ ስላልጠቀሱት የለዎትም ብለን እንመልሳለን።

የሚቀረው መንገድ ተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር ኤስቢ-1 ይባላል። ዲኤስ-117 የተባለውን ቅጽ ሞልተው፣ 180 ዶላር ከፍለው በአዲስ አበባው ኤምባሲ በአካል ቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ። ማሳየት ያለብዎት ሦስት ነገር ነው። ሲወጡ ቋሚ ነዋሪ እንደነበሩ፤ ሲወጡ የመመለስ ሐሳብ እንደነበረዎትና ያ ሐሳብ ተቋርጦ እንደማያውቅ፤ የቆይታዎ መራዘምም ከአቅምዎ በላይ በሆነና እርስዎ ባላመጡት ምክንያት መሆኑን።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በቃል ብቻ ማሳመን አይቻልም። የመመለሻ ትኬት ቆርጠው መጥተው ከነበረ፣ ያልተጠቀሙበት ቢሆንም፣ እጅግ ጠቃሚ ማስረጃ ነውና ፈልገው ያግኙት። አሜሪካ የሚከፍሉት ቤት ኪራይ፣ የግብር ወረቀት፣ አሠሪዎ የሰጠዎት የፈቃድ ደብዳቤ፣ ያልተዘጋ የባንክ ሒሳብ ሁሉም ይሰብሰብ። የአባትዎን ሕመም በሚመለከት ሆስፒታሉ የሚሰጠው ማስረጃ የተኙበትንና የወጡበትን ቀን፣ የሕመሙን ዓይነትና ቋሚ አስታማሚ ያስፈልጋቸው እንደነበር የሚገልጽ መሆን አለበት። «ታመው ነበር» የሚል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት አይበቃም፤ ሐኪሙን ቀርበው በዝርዝር እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ። ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሞት ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም እርስዎ ልጃቸው መሆንዎን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። ቆንስሉ በእርግጠኝነት የሚጠይቅዎት ጥያቄ አለ፤ «ሌላ እህት ወይም ወንድም የለም ወይ? ለምን እርስዎ?» ይልዎታል። መልሱን በእውነት ላይ ተመሥርተው አስቀድመው ያስቡበት። ሌላ የቅርብ ዘመድ ካልነበረ ወይም ሊያስታምም የማይችል ከነበረ ያንንም በማስረጃ ያሳዩ።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከተሞቹ ውስጥ ለቀሩ ነዋሪዎች ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነበር። የእርስዎ ምክንያት የቤተሰብ በመሆኑ ከአደባባይ አይታይም፤ ስለዚህ ወረቀቱ መናገር አለበት። ከዚህ በኋላ በከንቱ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሳምንትም ይጎዳዎታል፤ አባትዎ ካረፉ በኋላ ለምን እንደቆዩ መጠየቅዎ አይቀርምና። አርባውን አውጥተው መሄድ ቢፈልጉ ማንም አይፈርድብዎትም፤ ቅጹን ግን አርባውን ሳይጠብቁ ያስገቡ። ቆንስሉ ከተቀበለዎት የሕክምና ምርመራና የቪዛ ቃለ መጠይቅ ይቀጥላል። ካልተቀበለዎት ደግሞ፣ ዜጋ የሆነ የቅርብ ዘመድ ካለዎት ጉዳዩን እንደ አዲስ ማስጀመር ይኖርበታል። እንዲህ ላለ ጉዳይ ፈቃድ ያለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ወጪው ቢከብድም ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ከተጋባን በዓመቱ ገባሁ፤ የሰጡኝ ካርድ የሁለት ዓመት ነው። አሁን ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ነኝ፤ ካርዱ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀረው። በአይ-90 ላድሰው?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አያድሱት፤ አይ-90 ለእርስዎ አይሆንም። ካርድዎ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው። ካርዱን ቢመለከቱ የምድቡ ስም ሲአር በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። የእርስዎ ቅጽ አይ-751 ሲሆን፣ ከባለቤትዎ ጋር በጋራ የሚፈርሙትና ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ የሚገባ ነው። ሁለት ወር ስለቀረዎት መስኮቱ ተከፍቷል። እንደ አሥር ዓመቱ ካርድ ችላ የሚባል አይደለም፤ ያለ በቂ ምክንያት ቀኑን ካሳለፉት ነዋሪነትዎ ራሱ ይቋረጣል። ሲያስገቡ የሚደርስዎት ደብዳቤ ካርዱን ለ48 ወራት ያራዝማል፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩም ያለፈበትን ካርድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያሳያሉ። ደብዳቤው የሚላከው አሜሪካ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ ዋናውን ወረቀት በሚመጣ ሰው ያስልኩት። ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳዩ የጋራ ሰነዶችን፣ የቤት ውልን፣ የጋራ ሒሳብንና የግብር ወረቀትን ባለቤትዎ ከአሁኑ ይሰብስቡ።

ጥያቄ፦ «ዲቪ ደርሶኝ ገባሁ፤ ካርዱ ሳይደርሰኝ እናቴ ታመመች ተብዬ ተመለስኩ። አሁን ደሴ ነኝ። ካርድ ሳይኖረኝ እንዴት እመለሳለሁ?»

መልስ፦ ፓስፖርትዎን ይክፈቱ። የኢሚግራንት ቪዛዎ ገጽ ላይ ሲገቡ የተመታው ማህተም ካለ፣ ያ ቪዛ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት የካርድ ምትክ ሆኖ ያገለግላል፤ ይህም በቪዛው ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ውስጥ ያለ ምንም ተጨማሪ ወረቀት መመለስ ይችላሉ። ቀሪው የካርዱ ጉዳይ ነው። 235 ዶላር የሆነውን የኢሚግራንት ክፍያ ከፍለው ነበር? ያልተከፈለ ከሆነ ካርዱ አይታተምም። ተከፍሎ ከሆነና ካርዱ ያረፉበት ዘመድ ቤት ከደረሰ፣ በዲኤችኤል ከመላክ ይልቅ ወደ አገር ቤት በሚመጣ በሚታመን ሰው ቢያስመጡት ይሻላል። ከዘመድዎ ቤት ለቀው ከነበረ ደግሞ የአድራሻ ለውጡን በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነበርና አሁኑኑ በኢንተርኔት ያስተካክሉት። ብዙ ካርዶች በዚህ ምክንያት ይመለሳሉ። ወደ ትክክለኛው አድራሻ ተልኮ ሳይደርስዎት ተመላሽ ከሆነ ያለ ክፍያ በአይ-90 እንደገና መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄ፦ «ካርዴ ላይ የተወለድኩበት ቀን ተሳስቷል። ፓስፖርቴ ላይ ግን ትክክል ነው። ልክፈል ወይስ በነጻ ያስተካክሉልኛል?» (ከደሴ)

መልስ፦ ይህን የሚወስነው ስሕተቱ የማን እንደሆነ ነው። እርስዎ በትክክል ሞልተው መሥሪያ ቤቱ ካሳሳተው፣ አይ-90 ያለ ክፍያ ያስገባሉ፤ የተሳሳተውን ካርድም አብረው ይመልሳሉ። በእኛ ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። ቅጹ ሲሞላ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን ሳይለወጥ ይገባል፣ ወይም ወሩና ቀኑ ይገለበጣል። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉና 5/11 ብለው የጻፉት ቀን እዚያ ሜይ 11 ተብሎ ይነበባል። እንዲህ ከሆነ ክፍያውን ይከፍላሉ፤ ከልደት ምስክር ወረቀትዎና ከፓስፖርትዎ ጋርም ያስረዳሉ። ከማስገባትዎ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ያረጋግጡ። የማይስማሙ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ይስተካከሉ፤ አለበለዚያ ቀላል የነበረው እርማት የማንነት ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ልጄ በአሥር ዓመቱ ካርድ ወስዷል። አሁን ኮምቦልቻ አያቱ ዘንድ ነው፤ በሚቀጥለው ወር 14 ዓመት ይሞላዋል። ካርዱ ገና ነው፤ የምናደርገው ነገር አለ?»

መልስ፦ አለ። 14 ዓመት የሞላው ልጅ የጣት አሻራ ሰጥቶ አዲስ ካርድ ማውጣት አለበት። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ በ30 ቀን ውስጥ ነበር፤ ውጭ እያለ ከሞላው ደግሞ ከተመለሰ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ አይ-90 ያስገባሉ። እስከዚያ ድረስ ያለው ካርድ ለጉዞው ያገለግለዋል። አያቱ ዘንድ የሚቆይበት ጊዜ ግን ከዓመት እንዳያልፍ የመጣበትን ቀን ይዘው ይቁጠሩ፤ የዓመቱ ገደብ ለልጅም ያው ነው።